ከጎን ሥራ ገቢ ለግብር ስንት ይቀመጥ? የካርድ ዕዳውስ በቁጠባው ይከፈል?

ጠያቂ፦ ጎጆ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የግብርም የቤት ወጪም ነው። የገንዘቡን ስም ትቼ በቁጥር ብቻ አስቀምጣለሁ። የምፈልገው የስሌቱን መንገድ ስለሆነ የትም ያለ ሰው ሊመልስልኝ ይችላል።

ቤቱ ሁለት ደመወዝ አለው፤ አንዱ በዓመት 58,000፣ ሌላው 30,000። የሁለቱንም ግብር አሠሪዎቹ በየወሩ ቆርጠው ገቢ ያደርጋሉ። 58,000 የሚያገኘው ሰው በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራው የጎን ሥራ አለ። ከዚያ በዓመት 12,000 ይገባል፣ ለሥራው ደግሞ 2,000 ያህል ይወጣል። ከዚህኛው ላይ ግብር የሚቆርጥ የለም፤ ዓመቱ ሲዘጋ ነው ዕዳው የሚመጣው። የግብሩ እርከን እስከ 10,000 ነጻ፣ ከ10,000 እስከ 30,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ30,000 እስከ 60,000 ያለው 25 በመቶ፣ ከ60,000 በላይ 35 በመቶ ነው።

ከደመወዞቹ በወር 6,250 እጅ ይገባል። መደበኛው የወር ወጪ 5,800 ነው፤ ከዚህ ውስጥ የግድ የሚባለው (ቤት፣ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ መብራትና ውኃ) 4,000 ይሆናል። በወረቀት ላይ 450 ይተርፋል፣ በተግባር ግን አይተርፍም። የጎን ሥራው ገቢም እንደመጣ ያልቃል። በዚያ ላይ የክሬዲት ካርድ ዕዳ 6,000 አለ፣ ወለዱ በወር 2 በመቶ፣ በየወሩ 150 ይከፈላል። የመኪና ብድርም አለ፣ ወለዱ በዓመት 9 በመቶ። ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ 5,000 ተቀምጧል፣ በዓመት 4 በመቶ ይወልዳል።

ጥያቄዎቼ፦ ከጎን ሥራው ለግብር ስንት ይቀመጥ? «60,000ን ካለፍክ ሁሉም ገቢህ በ35 በመቶ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ባትሠራ ይሻልሃል» የሚባለው እውነት ነው? ቁጠባው ተነሥቶ ካርዱ ቢከፈል ይሻላል ወይስ ይቀመጥ? የትኞቹን ደረሰኞች መያዝ ያስፈልጋል?


መልስ 1፦ እርከን

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው በዚህች አባባል የተነሣ ሥራ ይመልሳል። እውነት አይደለም። በእርከን በሚሠራ የገቢ ግብር 35 በመቶው የሚያርፈው ከ60,000 በላይ ባለችው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ከሥር ያለው ገቢ በነበረበት ምጣኔ ይቀራል።

በእርስዎ ቁጥር እንሥራው። ደመወዙ ብቻ ሲሆን፣ ማለትም 58,000፦ የመጀመሪያው 10,000 ምንም፤ ቀጣዩ 20,000 በ15 በመቶ 3,000፤ የቀረው 28,000 በ25 በመቶ 7,000። ድምሩ 10,000። አሠሪው የሚቆርጠው ይህን ነው።

አሁን የጎን ሥራውን እንጨምር። የሚታየው 12,000 ሳይሆን ወጪው ከተነሣ በኋላ ያለው 10,000 ነው። ጠቅላላው 68,000 ይሆናል። 3,000፣ ሲደመር 7,500፣ ሲደመር ከ60,000 በላይ ላለው 8,000 የሚከፈለው 2,800፣ በጠቅላላው 13,300። አሠሪው 10,000 ስለቆረጠ ዓመቱ ሲዘጋ የሚጠየቁት 3,300 ነው። ከ10,000ው ትርፍ 6,700 እጅዎ ላይ ይቀራል ማለት ነው፤ «ባትሠራ ይሻልሃል» የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ሰው ያለፈውን ዓመት ግብር ለገቢው አካፍሎ «እኔ የምከፍለው 17 በመቶ ነው» ይላል (10,000 ለ58,000 ሲካፈል)። ከጎን ሥራውም 17 በመቶ ያስቀምጣል። ያ 1,700 ነው፤ የሚፈለገው ግን 3,300። ግማሽ ያህሉ ይጎድላል፣ ጉድለቱም ካርድ ላይ ይጫናል። 17 በመቶ አማካይ ምጣኔ ነው፣ ነጻውንና ርካሹን እርከን ጨምሮ የተሰላ። አዲስ የሚመጣ ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚደረበው፤ የሚመታውም ደመወዙ የደረሰበት የመጨረሻው እርከን ነው። ስለዚህ ለጎን ገቢ የሚቀመጠው መጠን በመጨረሻው እርከን ምጣኔ ይሰላል። በእርስዎ ሁኔታ የመጀመሪያው 2,000 በ25፣ የቀረው 8,000 በ35 ነው። እኔ ብሆን ለሁሉም 35 በመቶ አስቀምጥ ነበር፤ 200 ትርፍ ይኖረዋል፣ ለስሌት ስህተት መጠባበቂያ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ የገቢ ጣሪያ ያለው ድጎማ ወይም ድጋፍ የሚያገኝ ቤተሰብ ጣሪያውን በትንሽ ሲያልፍ ድጋፉን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ያን ጊዜ «ብዙ ሠርቼ ከሰርኩ» የሚለው እውነት ይሆናል፣ ግን ምክንያቱ እርከኑ ሳይሆን ጣሪያው ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ሁለት አሠሪ ካለው እያንዳንዱ አሠሪ ሌላው እንደሌለ ቆጥሮ ሊቆርጥ ይችላል። በእርስዎ እርከን ከሁለት ቦታ 30,000፣ 30,000 የሚያገኝ ሰው ከየቦታው 3,000 ይቆረጥበታል፣ ጠቅላላ 6,000። በ60,000 ላይ የሚገባው ግብር ግን 10,500 ነው። ነጻው 10,000 ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ፣ በ25 በመቶ መቆረጥ የነበረበትም በ15 ስለተቆረጠ 4,500 ይጎድላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው አሠሪ በከፍተኛው ምጣኔ እንዲቆርጥ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

ስለ ተቀናሽም አንድ ነገር ልበል። ከገቢ ላይ የሚቀነስ ወጪና ከግብሩ ላይ የሚቀነስ ማካካሻ አንድ አይደሉም። 1,000 ከገቢ ላይ ቢቀነስልዎ በ35 በመቶ እርከን የሚያተርፉት 350 ነው። 1,000 ከራሱ ከግብሩ ቢቀነስ ግን የሚያተርፉት 1,000 ነው። «ለግብር ስለሚያዝልኝ» ተብሎ የማያስፈልግ ዕቃ የሚገዛ ሰው 1,000 አውጥቶ 350 ያድናል፤ 650ው ሄዷል። ዕቃው ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ ይግዙት፣ ለግብር ብቻ ከሆነ ይተዉት።


መልስ 2፦ ወለድ ቆጣሪ

ስለ ግብሩ እርከን የጻፉት ልክ ነው፣ እኔ በዕዳው ልግባ።

በመጀመሪያ 150 የምትባለዋ ክፍያ ምን እንደምትሠራ ይመልከቱ። በ6,000 ላይ የወር ወለዱ 2 በመቶ፣ ማለትም 120 ነው። ከከፈሉት 150 ውስጥ 120ው ለወለድ ይሄዳል፣ ዋናውን ዕዳ የሚነካው 30 ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ዕዳው 5,970፣ ወለዱ 119.40፣ ከዋናው የሚቀነሰው 30.60። በዚህ አካሄድ ካርዱ ተከፍሎ የሚያልቀው በ82 ወር ነው፣ ወደ ሰባት ዓመት። ጠቅላላ የሚከፈለው 12,200 ገደማ፣ የዕዳው እጥፍ። ክፍያው 300 ቢሆን ግን በ26 ወር ያልቃል፣ ጠቅላላውም 7,740 ያህል ነው። ክፍያው ሁለት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ከሦስት እጥፍ በላይ ያጥራል፤ የተጨመረችው 150 ሙሉ በሙሉ ዋናውን ስለምትመታ ነው። (ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ አዲስ ወጪ ካልተጨመረ ነው። ካርዱ እየተከፈለ እየተገዛበት ከሆነ ስሌቱ ዋጋ የለውም።)

በወር 2 በመቶ ማለት በዓመት 24 አይደለም፤ ወለዱ ወለድ እየወለደ 26.8 በመቶ ይደርሳል። ቁጠባው 4 በመቶ ነው። ከወለዱ ላይ ግብር የሚቆረጥ ከሆነም ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ቁጠባ ውስጥ የተቀመጠች እያንዳንዷ 1,000 በዓመት 40 አስገብታ ካርዱ ላይ ከ240 በላይ ታስወጣለች።

ታዲያ 5,000ውን ሙሉ አንሥተው ካርዱ ላይ ያድርጉት? አይመስለኝም። ምንም መጠባበቂያ የሌለው ቤት መኪናው በተበላሸ ወይም ሰው በታመመ ቀን መልሶ የሚገባው እዚያው ካርድ ውስጥ ነው። አንዳንድ የካርድ አውጪዎች ዕዳ ሲቀንስ የካርዱን የብድር ጣሪያም ይቀንሱታል፣ ስለዚህ «ሲያስፈልገኝ ከካርዱ አወጣለሁ» ማለት አስተማማኝ አይደለም። የግድ የሚባለውን የአንድ ወር ወጪ፣ 4,000፣ አይንኩት። 1,000ውን ካርዱ ላይ ያውርዱት፤ ዕዳው 5,000 ይሆናል። ካርዱ ካለቀ በኋላ መጠባበቂያውን ወደ ሦስት ወር (12,000)፣ ቀስ ብሎም ገቢው የሚዋዥቅ ከሆነ ወደ ስድስት ወር ያሳድጉ።

የመኪናው ብድር 9 በመቶ ነው፣ ጊዜውን ጠብቆ በመደበኛው ክፍያ ይሂድ። አንዳንዶች «ትንሹን ዕዳ ቀድመህ ጨርስ፣ ልብ ይሰጣል» ይላሉ። ብዙ ትናንሽ ዕዳ ላለበትና መጀመር ለከበደው ሰው እሱም ያስኬዳል። እዚህ ግን የወለዱ ልዩነት በጣም ሰፊ ስለሆነ ካርዱ ይቅደም። ሌላውን ዕዳ ግን አያቋርጡ፤ የሁሉም ዝቅተኛ ክፍያ በቀኑ ይከፈላል፣ ትርፉ ብቻ ነው ወደ ካርዱ የሚሄደው።


መልስ 3፦ ሰነድ

ለእርከን አንድ እርማት አለኝ። 35 በመቶው የገቢ ግብሩ ብቻ ነው። በብዙ አገሮች በራሱ የሚሠራ ሰው የጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም አለበት፤ ለተቀጣሪ አሠሪው የሚከፍለውን ድርሻም ራሱ ይሸከማል። በአሜሪካ ለምሳሌ ይህ መዋጮ 15.3 በመቶ ነው፣ የሚሰላውም በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን 35ቱን ከማስቀመጣቸው በፊት የሚኖሩበትን አገር የመዋጮ ሕግ ይዩ፤ ካለ ይደመርበታል። ከደንበኛ ላይ የሚሰበሰብ የሽያጭ ወይም የተጨማሪ እሴት ታክስ ካለ ደግሞ እሱ ከመጀመሪያውም ገቢ አይደለም፣ ወደ ስሌቱ ሳይገባ ለብቻው ይቀመጥ።

አሁን ወደ ደረሰኙ። ወጪ ከገቢ ላይ የሚቀነሰው በእጅ ባለው ማስረጃ ልክ ነው። ተቀባይነት ያለው ደረሰኝ ላይ አምስት ነገሮች መነበብ አለባቸው፦ ቀኑ፣ የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያው፣ የተገዛው ነገር በዝርዝር፣ መጠኑ፣ ካለም የተከፈለው ታክስ። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ደረሰኝ ኦዲተር ፊት አይቆምም። የባንክ መግለጫ ገንዘቡ መውጣቱን እንጂ ምን እንደተገዛ አያሳይም፤ ስለዚህ ደረሰኝን አይተካም፣ ያጠናክረዋል እንጂ።

ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ነው። ኪስ ውስጥ፣ መኪና ውስጥ ወይም ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚቀረው ነጭ ወረቀት ነው። በተቀበሉበት ቀን አራቱም ጠርዝ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሡት። የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን፣ ከዚያ በሻጭና በመጠን ይሰይሙት፤ እንዲህ ሲሆን በራሱ በቀን ቅደም ተከተል ይደረደራል። ዋናውንም አይጣሉ፣ ፎቶ ብቻውን የማይቀበል መሥሪያ ቤት አለ።

ለሥራም ለቤትም የሚውል ነገር (ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ መኪና) በድርሻ ነው የሚያዘው። ስልኩ 60 በመቶ ለሥራ ነው ካሉ «ለምን 60?» ሲባል የሚያሳዩት ነገር ይኑር፦ የአንድ ወይም የሁለት ወር የጥሪ ዝርዝር ላይ የሥራውን ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ። ለመኪና ደግሞ ቀን፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ምክንያትና ኪሎ ሜትር የሚጻፍበት ደብተር። ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ቀለም የተሞላ የጉዞ ደብተር መርማሪውን የበለጠ ያስጠረጥራል እንጂ አያሳምነውም።

ስንት ዓመት ይቀመጥ? እንደየአገሩ ነው። በአሜሪካ ጠቅላላው ደንብ 3 ዓመት ሲሆን፣ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ ሳይታወቅ ከቀረ ወደ 6 ዓመት ይዘልቃል። በእንግሊዝ በራሱ የሚሠራ ሰው የግብር ማስታወቂያው (የዓመቱ ገቢ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚታወቅበት ቅጽ) ከሚገባበት የመጨረሻ ቀን በኋላ 5 ዓመት ይይዛል። የቤት ግዢና የእድሳት ሰነድ ግን በዚህ አይመተርም። ቤቱ ሲሸጥ ትርፉ የሚሰላው ከተገዛበትና ከታደሰበት ወጪ ተነሥቶ ስለሆነ፣ እስኪሸጥና ከዚያም በኋላ ያለው የሰነድ ጊዜ እስኪያልፍ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ገንዘቡ ባይኖርም ማስታወቂያውን በቀኑ ያስገቡ። ማስታወቅና መክፈል ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው፣ ቅጣታቸውም ለየብቻ ነው። በአሜሪካ ሳያስታውቁ መዘግየት ባልተከፈለው ግብር ላይ በወር 5 በመቶ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል፤ አስታውቆ አለመክፈል ግን በወር 0.5 በመቶ ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት! በእንግሊዝ ደግሞ የሚከፈል ግብር ባይኖርም ማስታወቂያው ከዘገየ 100 ፓውንድ ቅጣት አለ። «ገንዘቡ ሲሞላልኝ አስገባዋለሁ» ብሎ ወረቀቱን መያዝ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። በቀኑ አስታውቆ በክፍል በክፍል ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይፈቅዳሉ።


መልስ 4፦ የቤት መዝገብ

450ው የት እንደሚሄድ ማንም አልነካውም፤ ለእኔ ግን የዚህ ቤት ዋናው ቁስል እሱ ነው።

በየወሩ የማይመጡ ወጪዎችን በዝርዝር ይጻፉ። የዓመት ኢንሹራንስ 900፣ የትምህርት ክፍያ በዓመት ሁለት ጊዜ 1,200፣ የመኪና ጥገናና ጎማ 600 ነው እንበል። ድምሩ 3,900፣ በወር 325። «መደበኛው የወር ወጪ 5,800 ነው» ሲባል እነዚህ አልተቆጠሩም፤ ግን ይመጣሉ፣ ቀናቸውም ይታወቃል። ኢንሹራንስ ድንገተኛ አይደለም፣ በየዓመቱ በዚያው ወር ይታደሳል። እነዚህን ከመጠባበቂያው መክፈል መጠባበቂያውን ያደርቀዋል፣ በካርድ መክፈል ደግሞ ያንን 6,000 ይፈጥራል። እውነተኛው የወር ወጪ 6,125 ነው፣ የሚተርፈውም 450 ሳይሆን 125።

እንዴት ይያዝ? አራት ሒሳብ ይበቃል፦ ደመወዝ የሚገባበትና የዕለቱ ወጪ የሚወጣበት፣ ለዓመታዊ ወጪዎች 325 የሚገባበት፣ የግብር፣ እና የማይነካው መጠባበቂያ። የግብሩን ሒሳብ ካርድ አያውጡለት፣ ከስልኩ መተግበሪያ ላይም ቢደብቁት ጥሩ ነው። ዝውውሩ ደመወዝ በገባ ማግስት በራሱ እንዲሄድ ባንኩን ይዘዙ፤ በወሩ መጨረሻ የተረፈውን አስቀምጣለሁ የሚል ቤት የሚያስቀምጠው ነገር አያገኝም።

ሁለት ገቢ ባለበት ቤት የጋራውን ወጪ እኩል ማካፈል አነስተኛ ደመወዝ ያለውን ሰው ባዶ ያስቀራል። እጅ በሚገባው ልክ ያካፍሉ፦ ከግብር በኋላ አንዱ 4,000፣ ሌላው 2,250 ያገኛል፤ ይህ 64 ለ36 ነው። ከ6,125ው አንዱ 3,920፣ ሌላው 2,205 ያዋጣል። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ግብራቸው በአንድነት ወይስ ለየብቻ እንደሚሰላ ይጠይቁ። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሁለቱን ገቢ ደምሮ ለሁለት ከፍሎ የማስላት አሠራር አለ፣ የገቢ ልዩነቱ ሰፊ ለሆነ ቤተሰብ ይጠቅማል። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ እያንዳንዱን ለብቻው ነው የምታየው። ምርጫ በሚሰጥበት አገር ሁለቱንም አስልቶ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በተረፈ ግብር ተመላሽ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ግን ትልቅ ተመላሽ ማለት ዓመቱን ሙሉ ከሚገባው በላይ ተቆርጦ ነበር ማለት ነው፤ ካርድ ላይ 2 በመቶ እየከፈሉ ለመንግሥት ያለ ወለድ ማበደር ነው። አሠሪው ግብር የሚቆርጥበት ቅጽ ላይ የቤተሰብ ሁኔታው ወይም ተቀናሹ በትክክል መሞላቱን ያረጋግጡ።


ጎጆ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ 150ዋ ውስጥ 30 ብቻ ዋናውን እንደምትነካ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። የጎን ሥራው ገንዘብ በየወሩ እኩል አይመጣም፣ አንዳንዴ 3,000 በአንዴ፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ምንም። ሌላው፣ አንድ አበዳሪ የካርዱን ዕዳ የሚዘጋ ብድር «በዓመት 10 በመቶ ቋሚ ወለድ፣ በ2 ዓመት የሚከፈል» ብሎ አቅርቧል። ከ24 በመቶ 10 አይሻልም?


ወለድ ቆጣሪ

10ሩ 10 ላይሆን ይችላል። «ቋሚ» የሚለው ቃል ምጣኔው አይለወጥም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወለዱ ከመጀመሪያው ዕዳ ላይ እስከ መጨረሻው ይሰላል ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ከሆነ ግማሹን ከከፈሉ በኋላም ወለድ የሚታሰበው በሙሉው ላይ ነው። በ5,000 እናስላው፦ በዓመት 500፣ በሁለት ዓመት 1,000። ጠቅላላ 6,000፣ በወር 250። ይህ በቀሪው ዕዳ ላይ ከሚሰላ 18 በመቶ ወለድ ጋር እኩል ነው። የማስፈጸሚያና የኢንሹራንስ ክፍያ ካለ ደግሞ ከዚያም ይወጣል። ፈጥነው ቢከፍሉም ውሉ የወለድ ቅናሽ ካልሰጠ 1,000ው አይቀንስም።

አሁን ካለዎት አቅም ጋር ያስተያዩት። ከደመወዙ የሚተርፈው 125 አለ። ከጎን ሥራው በአማካይ በወር 833 ትርፍ ይመጣል፣ 35 በመቶው (292) ለግብር ሲቀመጥ 541 ይቀራል። ሁለቱ 666 ናቸው። ከዚህ 450 ብቻ አሁን ከመደበኛው ወጪ ውስጥ ከሚከፈለው 150 ጋር ቢደመር 600 ነው። 5,000 ዕዳ በወር 600 ሲከፈል፦ የመጀመሪያው ወር መጨረሻ 4,500፣ ሁለተኛው 3,990፣ ሦስተኛው 3,469.80... ዘጠነኛው ላይ 122.69 ይቀራል፣ በአሥረኛው ወር 125.14 ከፍለው ይዘጉታል። ጠቅላላ ወለዱ 525 ነው። ከአዲሱ ብድር 1,000 ግማሽ ያህል፣ ያለ ውል፣ ያለ ማስፈጸሚያ ክፍያ። ብድሩ የሚጠቅመው 150ውን ብቻ እየከፈሉ ለመቀጠል ካሰቡ ነው፤ ያም ቢሆን ካርዱ ተዘግቶ ካልተቆረጠ በስተቀር በዓመቱ ሁለቱም ዕዳ እጅዎ ላይ ይገኛል።

ብድር ሲቀርብልዎ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው?» መልሱን በጽሑፍ፣ ከወር በወር የክፍያ ሰንጠረዥ ጋር ይጠይቁ። ሰንጠረዡ ላይ የወለዱ ዓምድ ከወር ወር ካልቀነሰ ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ዕዳ ላይ ነው።


እርከን

ሰነድ ስለ መዋጮው ያሉት ትክክል ነው፣ መጀመሪያ ልጠቅሰው ይገባ ነበር። ካለ ከ541ዱ ላይ ይቀነሳል፤ ከ666ቱ ያልተነካው 216 ለዚያ ቦታ ይሰጣል።

ገቢው እኩል ስላለመምጣቱ፦ በወር አይቁጠሩት፣ በአመጣጡ ይቁጠሩት። 3,000 ሲገባ በዚያው ቀን ለዚያ ሥራ የወጣውን (500 ነው እንበል) ያንሡ፣ ከቀረው 2,500 ላይ 35 በመቶውን፣ 875፣ ወደ ግብሩ ሒሳብ ያስተላልፉ። ምንም ያልመጣበት ወር ምንም አይተላለፍም። ለካርዱ የታሰበውን 450 ግን ለማመጣጠን የቀረውን 1,625 በአንዴ አያውጡት። 450ውን ለዚህ ወር፣ ሌላውን ለቀጣዮቹ ባዶ ወራት ያቆዩት።

በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ከጥር ወይም የግብር ዓመቱ ከሚጀምርበት ቀን አንሥቶ ያለውን ገቢና ወጪ ደምረው፣ ከላይ ያሳየሁትን ስሌት እንደገና ይሥሩ። ደመወዝ በመሐል ከጨመረ እርከኑ ይገፋል፤ 58,000ው 61,000 ቢሆን የጎን ገቢው ሙሉ በሙሉ 35 ውስጥ ይገባል። የግብር ዓመቱ መቼ እንደሚጀምርም ያረጋግጡ፣ በየአገሩ ይለያል። በኢትዮጵያ ሐምሌ 1 ነው፤ በእንግሊዝ ኤፕሪል 6 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1752 የቀን አቆጣጠሩ ሲለወጥ የተዘለሉት 11 ቀናት ያስከተሉት ነገር። በዓመቱ መጨረሻ ሳምንት የሚወጣ ደረሰኝ በየትኛው ዓመት እንደሚወድቅ የሚወስነው ይህ ቀን ነው።

በየሩብ ዓመቱ ቅድመ ክፍያ የሚጠይቅ አገር ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ተቀምጦም ቢሆን ሳይከፈል መቆየቱ ያስቀጣል። በአሜሪካ የክፍያ ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የቀጣዩ ጃንዋሪ 15 ናቸው፤ በየመሐላቸው ያለው ጊዜ እኩል ሦስት ወር አለመሆኑን ልብ ይበሉ፣ ሁለተኛው ክፍያ በሁለት ወር ነው የሚመጣው። ስልክዎ ላይ ማስታወሻውን ከክፍያው ቀን አሥር ቀን ቀድሞ ያስቀምጡት፤ ከባንክ ወደ ግብር መሥሪያ ቤት የሚሄድ ዝውውር ገቢ የሚሆንበት ቀን እንጂ የታዘዘበት ቀን ላይቆጠር ይችላል።